በዘንገና ሐይቅ ዳር፤ የተሰበረ እጅና ጥልቅ ውኃ

በአዊ ምድር ከዳንግላ ወደ እንጅባራ፥ ከእንጅባራም አልፎ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። የቆሎ ተማሪ በነበርንበት ዘመን አኩፋዳ ይዘን በእግራችን ሄደንበታል፤ መምህር ከሆንን በኋላም ተማሪዎቻችንን በመኪና ጭነን ሐይቁን አሳይተናል። ዛሬ ልናወጋችሁ የወደድነው ግን በ2011 ዓ.ም. የካቲት 13 ቀን፥ በጾመ ነነዌ ሦስተኛው ዕለት፥ እጁ ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረው ከእኅታችን ልጅ ጋር ስላደረግነው ጉዞ ነው። ልጁ በዚያ በታሰረ እጁ ወደ ዘንገና ጥልቅ ለመውረድ ቈርጦ ነበር። እኛም አብረነው የሄድነው ልንመልሰው አስበን ነበር።

ይህ የእኅታችን ልጅ ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ ወደ ውጭ ሀገር ሄዶ በዚያ የተማረና ሥራ የያዘ ነው። የሚኖርበት ከተማ ባሕር ያለበት ስለ ሆነ፥ የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ ከውኃ በታች መጥለቅን ተምሮ የምስክር ወረቀት አግኝቶበታል። አባቱ ባረፈ ጊዜ መምጣት አልተቻለውምና ለቀብሩ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የመጣውም ለአባቱ ሙት ዓመት ነው። አባቱ፥ ነፍሱን ይማርና፥ በፈረስ ግልቢያና በጨዋታ ዐዋቂነት የታወቀ ሰው ነበር። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ለልጁ ሲያጫውተው፥ ዘንገና ወለል የለውም፤ ዱሮ ልጅ ሳለሁ የጣልሁበት ድንጋይ እስከ ዛሬ እየወረደ ነው ይለው ነበር። ልጁም ይህን ጨዋታ ይዞት ባሕር ተሻገረ።

ዳንግላ

ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ዙሪያዋን መስክና የእርሻ መሬት የከበባት የቆየች ከተማ ናት። በታሪክ ከሚታወቅላት ነገር አንዱ የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ መሆኗ ነው። ሮበርት ቺዝማን የተባለው ቆንስል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. መቀመጫውን በዚህች ከተማ አድርጎ፥ በበቅሎና በእግር እየተጓዘ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ደሴቶች መርምሮ በካርታ አስፍሯል፤ ያየውንም በ1936 ዓ.ም. በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ስለዚህ ለዳንግላ ሰው፥ ከሩቅ መጥቶ ውኃ እለካለሁ የሚል እንግዳ አዲስ ነገር አይደለም።

የእኅታችን ልጅ በመጣ ማግሥት የመጥለቂያ ዕቃውን ከሻንጣው አውጥቶ በእናታችን ቤት መደብ ላይ ዘረጋው። ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን የውኃ መነጽር፥ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ የጎማ ጫማ፥ አየር መሳቢያ ቱቦ፥ ጥልቀት የሚያሳይ እንደ ሰዓት ያለ መሣሪያ ነበር። እናታችን መነጽሩን አንሥተው አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ይህ ደግሞ የፈረስ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኛም ሁላችን ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ፈረሱም መነጽሩም ለልጁ የአንድ ነገር መፈለጊያ እንደ ነበሩ ተረዳን።

የጥር 23 ፈረስ

ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። በእንጅባራ ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። አባቶች እንደሚናገሩት፥ የተቋቋመው በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱትን፥ በኋላም በጠላት ወረራ ዘመን በዱር በገደል የተዋደቁትን አርበኞች፥ ከእነርሱም ጋር የደከሙትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። አንከሻ፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኩራ፥ መተከል፥ አዘናና ዚገም፥ ሰባቱ ቤት አገው የሚባሉት፥ በዚህ በዓል ስማቸው ይነሣል። በዚያ ዕለት ፈረሱ ኮርቻውና ልጓሙ በልዩ ልዩ ቀለም ተሸልሞ ሲወጣ፥ ሽማግሌው ነጭ ለብሶ፥ ጐልማሳው አለንጋውን ይዞ ሲሰለፍ፥ ከዚያም ሽምጡና ጉግሱ ሲጀመር፥ ምድሪቱ ከእግር በታች ስትንቀጠቀጥ ይሰማል።

አባቱ በሕይወት ሳለ ከዚህ በዓል ቀርቶ አያውቅም ነበር። ልጁም በአባቱ ቦታ ልሰለፍ ብሎ ከአንድ ዘመዳችን ፈረስ ተዋሰ። ፈረስ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት አልፎት ነበርና በእርጋታ እንዲሄድ መክረነው ነበር። ነገር ግን ጓደኞቹ ሲጋልቡ ባየ ጊዜ ልቡ ተነሣበት፤ ፈረሱን ለቀቀው፤ ጥቂት እንደ ሄደም ተንሸራቶ ወደቀ። ሲወድቅ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መሬቱን ስለ ተመረኰዘ፥ ከእጁ አንጓ ጥቂት ከፍ ብሎ አጥንቱ ተሰበረ። ሰው በወደቀ ጊዜ መዳፉን መዘርጋቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሐኪሞችም የዚህ ዓይነት ስብራት ከሁሉ ይበዛል ይላሉ።

በቀርከሃ የታሰረው እጅ

የአዊ ምድር የቀርከሃ ሀገር ነው። ወንበሩ፥ አልጋው፥ አጥሩ፥ ቅርጫቱ ከቀርከሃ ይሠራል፤ ሰው ሲሰበርም መጀመሪያ የሚፈለገው ቀርከሃ ነው፤ ቀላልና ጽኑ ስለ ሆነ ለስብራት መደገፊያ ይመቻል። በሜዳው የነበሩ ዘመዶቻችንም ቀርከሃ ሰንጥቀው እጁን በግራና በቀኝ ደግፈው በመቀነት ጥርቅም አድርገው አሰሩለት። ያን ጊዜ ሁላችን የጠበቀ ማሰሪያ የተሻለ መስሎን አመሰገናቸው። ማታውንም ዳንግላ ገብተን ልጁን አስተኛነው።

ሌሊት ልጁ ሲያቃስት ሰማን፤ የስብራት ሕመም ነው ብለን መልሰን ተኛን። በዚህ በደሉ የእኛ ነው፤ መምህር ነን እያልን ያላወቅነውን እንዳወቅነው ቈጥረናልና። ዶሮ ሲጮኽ እናታችን ተነሥተው ኩራዝ ይዘው ወደ እርሱ ቀረቡ። ጣቶቹ አብጠው፥ ቀዝቅዘው፥ እንደ ዶቅማ ፍሬ ጠቍረው አገኟቸው። ጣቱን ቈንጠጥ ቢያደርጉት «አልተሰማኝም» አላቸው። ያን ጊዜ፥ «ተነሡ! ፍቱት! ደም ይለፍበት!» ብለው ጮኹና መቀነቱን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ጥቂት ቈይቶም ጣቶቹ መሞቅ ጀመሩ፤ ቀለማቸውም ተመለሰ።

በነጋ ጊዜ ሐኪሙ የነገረን ነገር ዛሬም ያስደነግጠናል። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አብሮት አይሰፋም። ስለዚህ እጁ በማሰሪያው ውስጥ ይታነቃል፤ ደም ካልደረሰው ሥጋው በሰዓቶች ውስጥ መሞት ይጀምራል። በሀገራችን አጥንታቸው ብቻ ተሰብሮ ይድኑ የነበሩ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ሕፃናት፥ በማሰሪያ ጥብቀት የተነሣ እጃቸውን ወይም እግራቸውን አጥተዋል። ይህን የምንጽፈው ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ልምድ ያለው ወጌሻ ዘወትር ጣት እየነካ ማሰሪያውን የሚያላላ ነው። የምንጽፈው በየቤቱ ያለ አባትና እናት ምልክቱን እንዲያውቅ ነው። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፥ ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከጠቈረ ወይም ከነጣ፥ ከደነዘዘ፥ አላንቀሳቅስ ካለ፥ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታል፤ በሽተኛውም ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ፥ አጥንቱን አስተካክሎ፥ በጀሶ አሰረውና ስድስት ሳምንት እንዲቈይ አዘዘ። ስለ አጥንት አጠጋገንም ለልጁ አስረዳው። በተሰበረው ቦታ መጀመሪያ ደም ይረጋል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዝ ለስላሳ ነገር ይበቅላል፤ ቀስ በቀስም ኖራ መሰሉ ማዕድን እየገባበት ይጠነክራል። ከዚያም በኋላ አጥንቱ ወራትና ዓመት ወስዶ ራሱን እንደ ቀድሞው ያስተካክላል። «በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ይቀንስልሃል፤ ያን ጊዜ የዳንህ ይመስልሃል፤ የሚያታልለው ያ ጊዜ ነው» አለው ሐኪሙ።

የልጁ አሳብ

የእኅታችን ልጅ ወደ ሥራው የሚመለሰው የካቲት 16 ቀን ነበር። ከመውደቁ አስቀድሞም ከአዲስ አበባ አንድ ባልንጀራው ሁለት የአየር ሲሊንደር በመኪና ይዞለት መጥቶ በዘንገና አብረው እንዲጠልቁ ተቀጣጥረው ነበር። እጁ ከተሰበረ በኋላ ቀጠሮውን ያፈረሰ መስሎን ነበር። እርሱ ግን የነነዌ ጾም በገባበት ሰኞ፥ «ጋሼ፥ ሕመሙ ጠፍቷል። እጄን በላስቲክ ጠቅልዬ እወርዳለሁ፤ ውኃ ውስጥ እኮ ሰው ክብደት የለውም» አለን።

በቤተ ዘመዱ ምክር ተደረገ። አንዳንዶቹ ከሐይቁ ይልቅ ጠበል ይወሰድ አሉ። እናታችን ግን፥ «ጠበሉም ይጠመቃል፥ ጀሶውም አይነካም፤ በጸሎት እየለመንን የሐኪሙን ቃል እንጠብቃለን» ብለው ነገሩን ቈረጡት። እውነትም ነው፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪሙም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን ያስተምራልና ጠበልንና ሕክምናን ማጣላት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አይደለም። የንስሐ አባቱም በሽተኛ ስለ ሆነ በጾሙ ሰዓት እንዳይጨነቅ ፈቀዱለት። እናታችንም ጎመኑንና ሰሊጡን እያበዙ አበሉት።

ስለ መጥለቁ ግን ማንም ደፍሮ አልከለከለውም። አባቱን ያጣ ልጅ ነውና ቍጣ የማይገባ መሰለን። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ኪዳን አድርሰን አብረነው ተነሣን።

ከዳንግላ እስከ ዘንገና

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አዲስ ቅዳምን አቋርጦ ቀስ በቀስ ወደ ደጋው ይወጣል። በፋግታ ለኮማ በኩል ያለውን ሀገር ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ያየ ሰው ዛሬ ቢያየው አያውቀውም። ዱሮ ገላጣ የነበረው ተዳፋት ዲከረንስ በሚባለው ከአውስትራልያ በመጣ የግራር ዘር ተሸፍኗል። ገበሬው ዛፉን እንደ አዝመራ ይተክለዋል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቈርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። በመንገዱ ዳርና ዳርም የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይታያል።

እንጅባራ የዱሮ ስሟ ኮሶበር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ ብርድና ጉም የማይለያት ከተማ ናት። ከእርሷ አልፈን በአዲስ አበባው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዝን፥ ከአስፋልቱ ዳር ብዙ ሳይርቅ፥ በዛፍ የተሸፈነ ክብ አፋፍ ይታያል። መንገደኛ ካልተነገረው በቀር ከዛፉ በስተ ጀርባ ምን እንዳለ አይጠረጥርም። አፋፉን ወጥቶ ሲመለከት ግን እንደ ገበታ የከበበ ውኃ ከበታቹ ያገኛል።

ዘንገና እሳተ ገሞራ ያበጀው ሐይቅ ነው። ከምድር ውስጥ የወጣ ግለት ከከርሠ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ምድሪቱ ፈንድታ ጕድጓድ ትሆናለች፤ ጕድጓዱም በዘመናት ውኃ ይሞላል። የሐይቁ ስፋት ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥልቀቱን የለኩ ሊቃውንት ግን 166 ሜትር ይደርሳል ብለዋል። ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ጣናን ማሰብ ይበቃል፤ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ታላቁ ጣና በጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በሀገራችን ከዘንገና የሚጠልቅ ሆኖ የሚታወቀው 266 ሜትር ያለው ሻላ ነው።

በዳሩ ጥቂት ከብት የሚጠብቅ ብላቴና አግኝተን ሰላምታ ሰጠነው። የእኅታችን ልጅም፥ «ይህ ውኃ ምን ያህል ይጠልቃል ይላሉ?» ብሎ ጠየቀው። ብላቴናው ሳያስብ፥ «ወለል የለውም» አለው። ልጃችን ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱን ወደ ዛፎቹ መልሶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እኛም ያን ጊዜ የመጣበትን ነገር ከመቼውም ይልቅ ተረዳነው።

የውኃ ክብደት

ባልንጀራው ሲሊንደሮቹን ይዞ ከእኛ አስቀድሞ ደርሶ ነበር። የታሰረውን እጅ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ስለ ስብራቱ አልነገረውም ነበርና። ሆኖም አልተቈጣም፤ በሣሩ ላይ ተቀምጦ አብረን እንድናስብ ለመነን።

ለተማሪዎቻችን ስለ ውኃ ግፊት ስናስተምር አንድ ቆርቆሮ በላይ፥ በመካከልና በታች እንበሳና ውኃ እንሞላዋለን፤ ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውኃ ከሁሉ በርትቶ ይፈናጠራል፤ ከላዩ ያለው ውኃ ስለሚጫነው ነው። ጠላቂም እንደዚሁ ነው። በባሕር 10 ሜትር በወረደ ቍጥር በምድር ላይ ያለው አየር ሁሉ የሚጫነውን ያህል ክብደት ይጨመርበታል። ከሲሊንደሩ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ የታመቀ ይሆናል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወጣል፤ ፈጥኖ ከወጣ ግን፥ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላው፥ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋውም መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲብስም ሽባ ያደርጋል፥ ይገድላልም።

ይህ በሽታ ብዙ ሰው ጐድቷል። በአሜሪካ የብሩክሊንን ድልድይ ያሠራው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. በታመቀ አየር ውስጥ ሲሠራ ታሞ ድልድዩ እስኪያልቅ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሲመለከት ኖሯል። ጠላቂ በደረጃ እንዴት መውጣት እንዳለበት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ስኮትላንዳዊው ሊቅ ሃልዴን በፍየሎች ላይ መርምሮ በ1908 ዓ.ም. ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ። ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 ዓ.ም. ዛሬ ጠላቂዎች የሚተነፍሱበትን መሣሪያ ሲሠሩ መጥለቅ ለብዙ ሰው ተከፈተ፤ አደጋው ግን አልጠፋም። በታመቀ አየር ዘወትር የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች አጥንታቸው ሳይቀር ደም አጥቶ እንደሚሞት ታውቋል።

ባልንጀራው ለልጃችን ያስታወሰው ነገር ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ስለ ቦታው ነው። በዘንገና ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በዚህ 15 ሜትር የወረደ ሰው በባሕር 20 ሜትር እንደ ወረደ ቈጥሮ መጠንቀቅ አለበት፤ ለባሕር የተሠራው ሰንጠረዥ በደጋ ሐይቅ እንዳለ አይሠራም። ከጠለቀም በኋላ አንድ ቀን ያህል ሳያርፍ በአውሮፕላን መሳፈር አይገባውም። ደግሞም አደጋ ቢደርስ የታመመ ጠላቂ የሚታከምበት የግፊት ክፍል በአዊ ምድር የለም።

ሁለተኛው ስለ ስብራቱ ነው። በመጠገን ላይ ባለ አጥንት ዙሪያ እብጠት አለ፤ ደሙም እንደ ጤነኛው ቦታ አይመላለስም። ስለዚህ ናይትሮጅኑ ከዚያ ቦታ በወጉ ላይወጣ ይችላል ተብሎ ይፈራል። የመጥለቅ ሐኪሞች የሚመክሩትም አጥንቱ ገጥሞ፥ ጀሶው ተፈትቶ፥ እጁ ኀይሉና መታጠፉ እስኪመለስ መጠበቅን ነው። ጀሶም ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ መደገፉም ይቀራል።

ሦስተኛውን ግን በቃል አልተናገረውም። ሲሊንደሩንና ማሰሪያውን በሣሩ ላይ በልጃችን ጀርባ አሸከመውና፥ «እዚሁ በደረቅ መሬት አሳየኝ። ቁልፉን ፍታው» አለው። ልጃችን በግራ እጁ ታግሎ ፈታው። «ከራስህ በስተ ኋላ ያለውን የአየር መክፈቻ በቀኝ እጅህ ድረስበት» አለው። ጀሶው ክንዱን ስለ ያዘው አልደረሰም። በመጨረሻም ባልንጀራው በሣሩ ላይ ተንጋለለና፥ «እንግዲህ እኔ አየር አልቆብኛል፤ በአንዱ እጅህ ያዘኝ፥ በሌላው አየርህን ስጠኝ» አለው። ልጃችን የተጠቀለለ እጁን ዘርግቶ ከቆየ በኋላ ዝቅ አደረገው።

«ለራስህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተውህ ነበር፤ ነገር ግን ስንወርድ ሁለት ነን» አለው ባልንጀራው። ጠላቂ ብቻውን አይወርድምና እርሱም ሳይወርድ ቀረ።

የእኅታችን ልጅ ሲሊንደሩን አውርዶ ተቀመጠ። ከቆይታም በኋላ፥ «ጋሼ፥ በቀብሩ ቀን አልነበርሁም። በፈረሱ ላይ ልሰለፍለት ብል ወደቅሁ። ይህን ደግሞ አየሁልህ ልለው ፈልጌ ነበር» አለን። የምንመልስለት ቃል አጣን። በመጨረሻ፥ «ልጄ፥ አባትህም ከዳር ሆኖ እንጂ ወርዶ አላየውም፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ አውርቶለታል» አልነው። መልሳችን በቂ እንደ ነበር አናውቅም።

ከዳር ሆኖ ማየት

ከዚያ በኋላ ልጃችን መነጽሩን አንሥቶ፥ «እንግዲህ ፊቴን ብቻ ልንከር» አለ። ውኃው ከድንጋዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በጕልበቱ ተንበረከከ። የታሰረው እጁ እንዳይነክር እኛ በአንድ ወገን ክንዱን ደግፈን ወደ ላይ ያዝንለት፤ ባልንጀራውም በሌላው ወገን ወገቡን ያዘው። እንዲህ ሆነን ስንቆም፥ በራፊዲም ጦርነት የሙሴ እጆች በደከሙ ጊዜ አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ሆነው እንደ ደገፏቸው በዘፀአት የተጻፈው ታወሰን። ያ ታላቅ ነቢይ እንኳ እጁን ብቻውን አንሥቶ መቆየት አልተቻለውም ነበር።

ልጃችን ትንፋሹን ይዞ ብዙ ጊዜ ፊቱን ነከረ፤ ቀና ሲልም መነጽሩን ለእኛ ሰጠን። ጋቢያችንን አስቀምጠን፥ በጐልማሳነታችን እንደ ሕፃን ተንበርክከን፥ ተመለከትን። ከዳሩ ጥቂት ክንድ ያህል ድንጋዩና ቅጠሉ በአረንጓዴ ብርሃን ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ አረንጓዴው ይጠቍራል፤ ከዚያም በኋላ ምንም የለም። ባልንጀራው እንደ ነገረን ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ከ40 ሜትር በላይ አይወርድም፤ ይህም የዘንገናን ሩብ እንኳ አያክልም። እንግዲህ ልጃችን ሁለት እጁ ጤነኛ ሆኖ ቢወርድም ወለሉን ባላየ ነበር፤ የአባቱም ጨዋታ ሳይፈርስ በቈየ ነበር። ይህን ስንነግረው ከወደቀ ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ዳንግላ ስንመለስ የዘጠኝ ሰዓቱ ቅዳሴ አልተፈጸመም ነበር። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ትንቢተ ዮናስ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ዮናስ ወደ ጥልቁ የወረደው ከታዘዘው ቃል ሲሸሽ ነው፤ የወጣው ግን በገዛ ጕልበቱ ሳይሆን ጸልዮ፥ ጊዜውም ሲደርስ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ አስተምረነዋልም። በዚያ ቀን ግን በጀሶ የታሰረ እጅ ከአጠገባችን ሆኖ ስላዳመጥነው በሌላ ጆሮ ሰማነው።

ልጃችን የካቲት 16 ቀን ተሳፈረ። ጀሶው በስድስተኛው ሳምንት በሚኖርበት ሀገር ተፈታ፤ አጥንቱም በደኅና ገጠመ። ሆኖም አንጓው ደርቆ ስለ ነበር ውኃ ሳይነካ ብዙ ወር ጣቱንና አንጓውን ሲያለማምድ መቈየቱን ጻፈልን። ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ሊመጣ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው አልለቅ አለው። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋ፤ ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጉዞው የሚታሰብ አልሆነም። እኛም ተማሪዎቻችንን ወደ ሐይቁ ከወሰድን ቈይተናል። የሀገር ስብራትም እንደ አጥንት ስብራት የሚያስተካክል እጅና ጊዜ ይሻልና እግዚአብሔር ሁለቱን እንዲሰጠን እንለምናለን።

የውኃ መነጽሩ ዛሬም በእናታችን ቤት ከመደቡ በላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ልጃችን ሲሄድ፥ «ስመለስ እፈልገዋለሁ» ብሎ ተወው። እናታችንም በየጊዜው አቧራውን ይጠርጉለታል።